ልብስ ሰፊው ልብሱን ይይዛል፤ ግንበኛውስ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። የታሪክ መምህር ስለ ሲሚንቶና አሸዋ ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ መጨረሻ ላይ እንገናኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አሁን ሆሳዕና ውስጥ ልስንና ሴራሚክ የሚሠራ፣ ሥር ሦስት አራት ልጆች ይዞ የሚንቀሳቀስ ባለሙያ ሆኗል። እጁ ላይ አንድ የቁልፍ መያዣ አለ፤ እያገላበጠ ያየዋል።

«ቲቸር፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለ አንድ ሰው የእናቱን ቤት ለማሳደስ በስልክ አነጋገረው። ዋናውን ቤት ዳግም መለሰን፣ ሳሎንና መታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ማልበስ፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ መጨመር። የእጅ ዋጋ ብቻ 85,000 ብር፣ ዕቃው በባለቤቱ። ውሉ የድምፅ መልእክት ነው፤ ሌላ ወረቀት የለም። 50,000 ብር ተቀበለ፣ 35,000 ቀረ። ሥራው ሲያልቅ «የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ወደ ፍሳሹ አይሄድም፤ ሴራሚኩ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ የቀረውን አንከፍልም» አሉት። እሱ ደግሞ «አሸዋውን የገዙት እነሱ ናቸው፣ አፈር ነው የነበረው፤ ከዚያ ላይ ያልተነጋገርንበትን አጥር በነፃ አሠርተውኛል» ይላል።

ቁልፉ የሰርቪሱ ነው። አላስረክብም ብሎ ይዞታል። እና በቀስታ እንዲህ አለኝ፦ «ካልሆነ ማታ ገብቼ ሴራሚኩን እነቅለዋለሁ። የኔ ድካም ነው።»

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን «የኔ ድካም ነው» ያላት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። እስቲ አስቡት። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ ብታሰፉ ካልከፈላችሁ ሱሪውን አይሰጣችሁም። ጫማ ጠጋኙም እንዲሁ፣ ጋራዡም እንዲሁ። ሥራቸው እጃቸው ላይ ነው። የግንበኛ ሥራ ግን ገና ሲደርቅ የሰው ሆኗል። ግድግዳ ተሸክሞ አይሄድም። ድካሙ የሌላ ሰው መሬት ላይ፣ የሌላ ሰው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ታዲያ ይኼ ሰው ገንዘቡ እስኪከፈለው ድረስ ምን ይያዝ?

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። ዓለም ላይ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጥያቄ ነው። እኛም አገር ሁለት ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ከቤታችን ልጀምር።

፩

አያቶቻችን ቤት ሲሠሩ ገንዘብ አይከፈልም ነበር። ሀዲያም ከምባታም የሣር ቤት የሚቆመው በደቦ ነው። ባለቤቱ እንጨቱን፣ ሣሩን፣ ማሰሪያውን ያዘጋጃል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቆጮና መጠጥ ይቀርባል። የዛሬው ባለ ቤት ነገ የሌላው ሠራተኛ ነው። ዕዳ አለ፣ ግን የጉልበት ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም በጉልበት ነው። ሳይከፍል የሚቀር ሰው ካለ ሁሉም ያውቀዋል። በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ማንም አይመጣለትም።

ይኼን ሁሉ የሚይዘው ሴራ ነው። በአማርኛ ሴራ ስትሉ ተንኮል ማለት ነው፤ በእኛ በኩል ግን ሴራ ማለት ደንብ፣ ሥርዓት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተሳሰርበት ሕግ ማለት ነው። (ከሌላ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች «ሴራ ያስተዳድረን ነበር» ስል ይስቁብኝ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ።) የሴራ ዋስትናው አፍና ስም ነው። ወረቀት የለም፣ ምስክር ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ያ ዘመን ወርቅ ነበር እንዳልል ግን ታሪክ አይፈቅድልኝም። በሴራው ሸንጎ ሁሉም እኩል አልተቀመጠም። በአካባቢያችን ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ እንጨት የሚጠርቡ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። መሬት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ አብረው አይበሉም ነበር። እጁ ዕቃ የሚፈጥረው ሰው በአደባባይ ድምፁ ከሁሉ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዋስትናህ ስምህ ብቻ ሲሆን፣ ስም የሌለው ሰው ዋስትና የለውም። ይኼን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

፪

ከዚያ ቆርቆሮና ሚስማር መጣ። ዋቸሞ ይባል የነበረው ስፍራ ሆሳዕና የሚባል ከተማ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል። ከተማ ሲመጣ የጦር ሹም፣ ነጋዴ፣ ሚሲዮን፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ይመጣል፤ አራት ማዕዘን ቤት ይመጣል። ቆርቆሮ በደቦ አይታጨድም፣ ከሱቅ ይገዛል። ሚስማር መቺውም ቢሆን የተማረ አናጺ ነው፤ የሚፈልገው ቆጮ ሳይሆን ብር ነው። የቤት ሥራ ከጉልበት ልውውጥ ወጥቶ የገንዘብ ሥራ ሆነ። ጸቡም አብሮ መጣ።

ለዚህ ጸብ መልስ የሚሰጥ ሕግ አገሪቱ በጽሑፍ ያገኘችው በ1952 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን አቋቋሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ የሠሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። 3,367 አንቀጽ ያለው ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም በአብዛኛው የምንዳኘው በሱ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ ሽሮታል። በወረቀት ደረጃ ሴራ በቤት ሥራ ጉዳይ የሞተው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን መሞታቸውን አልሰሙም፤ እሑድ እሑድ ዛፍ ሥር መቀመጣቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛ፣ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ባለ ዕዳው ካልከፈለ ቤቱ ተሽጦ፣ ባለ መያዣው ከሌሎች ቀድሞ ይከፈለዋል። አንቀጽ 3041 መያዣ ከሕግ፣ ከፍርድ፣ ከውል ወይም ከኑዛዜ ይመነጫል ይላል። ሳይዋዋሉ፣ ሳይከራከሩ ሕጉ ራሱ መያዣ የሰጣቸው እዚያው ተከትለው ተጽፈዋል፦ ቤቱን የሸጠ ሰው በ3042፣ ንብረት የተካፈሉ ሰዎች በ3043። ግንበኛው ከነሱ ጋር አልተጠራም። ለሱ ክፍት ሆነው የቀሩት በሮች ውልና ፍርድ ናቸው። ውል ማለት ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ተጽፎ ሲፈርም ነው። ፍርድ ማለት ከሶ ሲረታ ነው፤ ያኔ 3044 ፍርድ ቤቱ ለፍርዱ ማስፈጸሚያ በአንድ ቤት ላይ መያዣ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል።

ሦስተኛ፣ ከየትም ይምጣ፣ መያዣ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 3052)። መዝገቡስ? ሕጉ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ ክፍል ጽፎ ሲያበቃ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች አንቀጽ 3363 ላይ «ይኼ ክፍል ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ሥራ ላይ አይውልም» የሚል ነገር አስቀመጠ። እስከዚያ በየቦታው ያለው የቆየ አሠራር ይቀጥል አለ። በሩ ተሠርቶ ማጠፊያው ቀረ በሉት።

፫

ሌሎች አገሮች ይኼን በር እንዴት ሠሩት? አጠር አድርጌ።

ሮም ላይ በንጉሥ ማርቆስ አውሬሊዮስ ዘመን (161–180 እ.ኤ.አ.) የፈረሰ ቤት ለማስጠገን ገንዘብ ያበደረ ሰው በቤቱ ላይ መያዣ እንዲኖረው ሸንጎው ወሰነ። በባለቤቱ ትእዛዝ ገንዘቡን ለሥራ ተቋራጩ የሰጠ ሰውም ይኼው መብት አለው ተባለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከተማው ፍርስራሽ እንዳይሆን።

አሜሪካ ላይ በ1791 እ.ኤ.አ. አዲሲቱ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ልትሠራ ነው። ግንበኞች ካልተከፈለን ብለው ይፈራሉ። የሜሪላንድ ምክር ቤት ቤቱን የሠራ ሰው ቤቱንና ቦታውን ለገንዘቡ መያዣ እንዲያደርግ ሕግ አወጣ። ከሐሳቡ ደጋፊዎች መካከል ጄፈርሰንና ማዲሰን ነበሩበት። ዛሬ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የዚህ ሕግ ዝርያ አለ። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ኩሽናችሁን ያሳደሰው ሰው ካልተከፈለው ቤታችሁ ላይ ዕዳ ሊያስመዘግብባችሁ እንደሚችል ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስዊዘርላንድም በ1912 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው ሕጓ ለባለሙያውና ለተቋራጩ ይኼን መብት ሰጥታለች። ግን ቀን ቆርጣለች፦ ሥራው ካለቀ በ3 ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 4 ወር ከፍ አለ። ዘገየህ ማለት ቀረብህ ነው።

ለእኛ ችግር ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የፈረንሳዮቹ ነው። የ1804 እ.ኤ.አ. የናፖሊዮን ሕግ ለግንበኛው የቅድሚያ መብት ሲሰጥ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፍርድ ቤት የሾመው ባለሙያ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ አይቶ ይጽፋል። ሥራው ካለቀ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ የተሾመ ባለሙያ አይቶ ይረከባል። ግንበኛው ቅድሚያ የሚያገኘውም በሥራው ምክንያት ቤቱ ላይ በተጨመረው ዋጋ ልክ ብቻ ነው።

አያችሁት? በፊት ምን ነበር፣ አሁን ምን አለ፣ በመሃል ምን ተጨመረ። የተማሪዬ ጸብ በሙሉ በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ሥራው የተበላሸ ከሆነ የተጨመረ ዋጋ የለም ወይም ትንሽ ነው፤ ደህና ከሆነ አለ። «ድካሜ ነው» ብቻውን አይበቃም፤ ድካሙ ቤቱ ላይ ምን እንደጨመረ መታየት አለበት።

፬

ወደ አገራችን ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ሰው ያለችውን አንዲት ቤት ጭቃ እየለቀለቀ፣ ቆርቆሮ እየደረበ ኖረ። ሥራው ሲያንስ ጸቡም ያንሳል።

በ1987 ሕገ መንግሥቱ መጣ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ወይም በሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት አለው ይላል። ክፍል ውስጥ ይኼን ሳስተምር ሁልጊዜ «በጉልበቱ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እል ነበር። የዚያ ዝምተኛ ልጅ ጉልበትስ? ሕገ መንግሥቱ የሚያወራው ለራሱ ስለሚሠራ ሰው ነው። በሰው ቤት ላይ የፈሰሰ ጉልበት ግን ወደ ገንዘብ ጥያቄነት ይለወጣል፤ ቤቱ የባለቤቱ ነው።

ባንክ ብትሆን ነገሩ ሌላ ነው። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ራሳቸው በጨረታ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። ለአንድ ቤት ሲሚንቶ መግዣ ያበደረው ባንክ በአዋጅ የተከበረ ባለ መያዣ ነው፤ ሲሚንቶውን ያቦካው ልጅ ግን ማመልከቻ የሚያጽፍለት መምህር ፍለጋ ይዞራል። ባንኩን ለማማት አይደለም፤ ባንኩ መጀመሪያውኑ ወረቀት አስፈርሟል፣ ካርታ ይዟል፣ አስመዝግቧል። ልዩነቱ ያ ነው።

ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ዘመን። እኛ አካባቢ ያልሄደ ልጅ ያለው ቤት መቁጠር ይቀላል። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾ ላይ የምታዩት አዲስ ፎቅና ባለ ሴራሚክ ቤት ብዙው ጆሃንስበርግና ደርባን ሱቅ ውስጥ፣ በሽጉጥ ፊት ቆሞ የተገኘ ገንዘብ ነው። የላኪውንም ሕመም እወቁለት፤ ቤቱን በዓይኑ ሳያይ፣ በቪዲዮ እያየ ነው የሚከፍለው። በ2015 ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ስትሆን ደግሞ ግንባታውም የቤት ኪራዩም አብሮ ጨመረ።

የዚህ ዘመን የቤት እድሳት መልኩ እንዲህ ነው። ከፋዩ ውጭ ነው፤ አዛዡ እናት ወይም ወንድም ነው፤ ካርታው በሌላ ስም ነው፤ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ ካርታ የለውም፤ ካርታ በሌለው ቤት ላይ ደግሞ መያዣ የሚመዘግብልህ የለም። ውሉ በስልክ ነው። ሥራው የሚሠራው በሴራ ዘመን አሠራር ነው፤ በቃል፣ በመተማመን። ጸቡ ሲመጣ ግን ሰፈሩ ድሮ እንደነበረው አንድ ላይ የለም፤ ስምህን የሚያውቅልህ ሰው ሦስት አገር ተበትኗል። ከፍርድ ቤት ስትሄድ «ወረቀትህን አምጣ» ትባላለህ።

ባለቤቱም እኮ መብት አለው። አንቀጽ 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልም ይላል። 3039 ደግሞ ተቋራጩ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። አሥር ዓመት! ውኃው ወደ ፍሳሹ የማይሄድ መታጠቢያ ቤት ተረክባችሁ ሙሉ ክፈሉ የሚል ሕግ የለም።

፭

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሳልናገር ብጨርሰው ውሸታም እሆናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴን አስለስኜ ነበር። ሥራው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ወጣ። ለለሳኙ 1,500 ብር ቀርቶት ነበር። «አስተካክለህ ና ውሰድ» አልኩት። መጣ፣ አየ፣ «ይኼ ከመሠረቱ ነው፣ ከልስኑ አይደለም» አለኝ። አላመንኩትም። እኔ መምህር ነኝ፣ እሱ ለሳኝ ነው፤ ሳላስበው የኔ ቃል ይበልጥ ይመስለኛል። አልተከራከረም፤ ሄደ። በዓመቱ ስንጥቁ ወርዶ ወርዶ መሠረቱ ጋ ደረሰ። አዋቂ ሳሳይ ያለው እውነት ነበር፤ መሠረቱን ደግሞ እሱ አልሠራውም። ፈልጌ አግኝቼው ገንዘቡን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ግን ያኔ ብዙ የሚገዛው 1,500 ብር አሁን ምንም አይገዛም። ይቅርታ ስጠይቀው «ምን ላድርግ ነበር ቲቸር፣ ግድግዳውን ላፍርሰው?» አለኝ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይኼ ነው። በድሮው ሸንጎ እጁ የሚሠራው ሰው ድምፁ ያነሰ ነበር ብያችኋለሁ። እኔ በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ያንኑ ሸንጎ ሳሎኔ ውስጥ ሰብስቤ ብቻዬን ፈረድኩ። ሕግ ለግንበኛው መያዣ የሚሰጠው አዝኖለት አይመስለኝም። ባለቤቱ የራሱ ጉዳይ ላይ ብቸኛ ዳኛ እንዳይሆን ነው።

፮

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። መጀመሪያ ቁልፉን አስቀመጥኩት። «ሴራሚኩን ብትነቅል ያለህ ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነው፤ የሰው ቤት አፍርሰህ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ትዞራለህ። ቁልፉም ቢሆን የሰውን ይዞታ መንሳት ነው፤ አንቀጽ 1149 ይዞታው የተወሰደበት ሰው ይመለስልኝ ብሎ ይከሳል» አልኩት። አልወደደውም። ግን አልሄደም።

ቀጥሎ ስልኩን አስከፈትኩት። ሥራውን ሲጀምር የላካቸው ፎቶዎች አሉ፤ የድሮው ግድግዳ፣ ባዶው ጓሮ፣ የአሸዋው ክምር። የድምፅ መልእክቶቹ አሉ። የተላከለት ገንዘብ የባንክ መልእክት አለ። ልጁ ሳያውቀው የፈረንሳዮቹን የመጀመሪያ ሰነድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል!

ከዚያ ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌ ላክን። እናትየው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ፈርተው እንጂ እሳቸው መክፈል ይፈልጉ ነበር። ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ሁለቱም ወገን የማያውቁት ሌላ የሴራሚክ ባለሙያና አንድ ግንበኛ ይጨመሩ። እሺ አሉ። ልጅየው ከደቡብ አፍሪካ በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ ሰማ፤ ውክልና ያላት እህቱ ተቀመጠች።

ባለሙያዎቹ ሴራሚኩን አንድ በአንድ አንኳኩ። ውኃ ደፍተው አዩ። የሳሎኑ ደህና ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግን በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ተማሪዬ አንገቱን ደፋ። አጥሩ ከስምምነቱ ውጭ የተሠራ መሆኑን እናትየው ራሳቸው መሰከሩ። ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ የቀረው 35,000፣ ለአጥሩ 8,000 ተጨምሮ 43,000፤ ለሚባክነው ሴራሚክ 4,000 ተቀንሶ 39,000። መታጠቢያ ቤቱን ያለ እጅ ዋጋ ደግሞ ይሠራል። 20,000 ወዲያው፣ 19,000 ውኃው ተፈትሾ ሲያበቃ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁና ሊነሱ ሲሉ «ይጻፍ» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ቅር አላቸው። «በሴራ የታረቀ ሰው ይጻፋል እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም በአክብሮት ነገርኳቸው፦ ያው አዲሱ ሕግ፣ ሴራን የሻረው ሕግ፣ አንቀጽ 3307 ላይ ሁለት ሰዎች ከመብታቸው ትንሽ ትንሽ ትተው ክርክራቸውን የሚዘጉበትን ስምምነት ያውቀዋል። 3312 ላይ ደግሞ ይኼ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል ይላል። «አባባ፣ የእርስዎን ቃል ፍርድ ቤቱም እንዲሰማው ነው የምንጽፈው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው የኔንም ስም በደንብ ጻፈው» አሉ። በሦስት ቅጂ ተፈረመ።

መታጠቢያ ቤቱ ተሠርቶ አልቋል፤ ውኃው ይሄዳል፣ ሄጄ አይቻለሁ። 20,000ው ገብቷል። የቀረው 19,000 ይኼን ስጽፍ ገና አልገባም፤ ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው። ካልገባ ወረቀቱ አለ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ተማሪዬ የት እንደሚሆን አላውቅም።

ለባለሙያዎች፣ በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎቼ፦ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ቤቱን ፎቶ አንሱ። አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፤ ምን ይሠራል፣ ዕቃው የማን ነው፣ ስንት ነው፣ ክፍያው በስንት ዙር ነው፣ ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ እንዴት ይታሰባል። ባለቤቱ ማን እንደሆነና አዛዡ ውክልና እንዳለው ጠይቁ። መጨረሻ ላይ የሚጠበቀው ብር ትልቅ እንዳይሆን በየደረጃው ተቀበሉ። ጸብ ከመጣና ቤቱ ሊሸጥ ነው ከተባለ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከፍርድ በፊት ንብረት የሚታገድበት መንገድ አለው (አንቀጽ 151 እና 154)፤ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በማታ አትሂዱ።

ለአሠሪዎች፣ በተለይ ለውጭዎቹ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ስትከለክሉ ምን ያህሉን፣ ለምን እንደከለከላችሁ ተናገሩ። የመታጠቢያ ቤት ጉድለት የሳሎንን ዋጋ አይበላም። ሦስተኛ ሰው ይየው። እናታችሁን በናንተና በግንበኛው መካከል አታቁሟቸው።

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም የምንተኛው ሌላ ሰው በሠራው ግድግዳ ውስጥ ነው። እስቲ እናንተ፣ ያልከፈላችሁት ወይም ያልተከፈላችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ ስም ሳትጠሩ። በተለይ ከዱራሜና ከሾኔ በኩል ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዴት እንደሚለኩት የምታውቁ አስተምሩን።

የሐሙሱን እነግራችኋለሁ። ቸር ይግጠመን።